ሃያ ሁለት ጎማ በሸህ እንድሪስ ደጃፍ

በአገራችን ማንም ሳይማረው ሁሉም የተካነበት አንድ ሙያ አለ፤ ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና መምራት። አንድ ሾፌር ማርሹን ወደ ኋላ አስገብቶ አንገቱን በመስኮት ብቅ ካደረገ፣ በአካባቢው ያለ ፍጡር ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ጫማ ጠራጊው ይመጣል፣ ቲማቲም ሻጯ ትመጣለች፣ በሕይወታቸው ከበቅሎ በቀር ምንም ነድተው የማያውቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን እያወዛወዙ ይመጣሉ። «ና፣ ና፣ ና፤ ስበር፤ መልስ፤ በቃ» ይባላል። ማን ሾማቸው? ማንም። መኪናው ግንብ ሲነካ ደግሞ ሁሉም በአንድ አፍ «በቃ አላልንህም?» ይሉና ወደየሥራቸው ይመለሳሉ።

እኔ ይህን ሕዝብ አልወቅሰውም። እንዲያውም ውለታው አለብኝ። ከወልድያ ሞጆ፣ ከሞጆ ጅቡቲ መመላለስ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ወንበሬም የጀርባዬን ቅርጽ ይዟል። መንገዱ ግን እንደ ድሮው አይጣፍጠኝም። ድሮ የምለው የቱን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያውን ቀን ነው። በሰፈሬ ሰው ሁሉ ፊት የተዋረድኩበትን፣ ላብ ያጠመቀኝን፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያልኩበትን ቀን። እሱ ነው የሚናፍቀኝ። የሰው ልጅ ናፍቆቱን በምን እንደሚመርጥ እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ በፊት ወልድያ ውስጥ የባጃጅ ሾፌር ነበርኩ። ባጃጅ የተባረከች ነገር ናት። መንገድ ቢጠባት ባለችበት ትዞራለች፤ መዞር ካቃታት ወርዳችሁ በእጃችሁ ትገፏታላችሁ። ከመናኸሪያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒቨርሲቲ መናኸሪያ ስል አራት ዓመት አለፈኝ። ታዲያ ወልድያን ሰንጥቆ የሚያልፈው ከባድ መኪና አጠገቤ በቆመ ቁጥር እኔና ባጃጄ ከጎማው በታች እንቀር ነበር። ቀና ብዬ ሾፌሩን አየዋለሁ። ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል፣ ክንዱን በመስኮት ወጣ አድርጎ ዓለምን ቁልቁል ይመለከታታል። እኔንማ አያየኝም። እዚያ ወንበር ላይ ሳልቀመጥ አልሞትም አልኩ።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ መርሳ ነው የምትኖረው፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ቤቷን ያቆመችው ቦራ በምትባል አንዲት ላም ነበር። ሐሳቤን ስነግራት ሦስት ቀን ስታሰላ ከረመች። በአራተኛው ቀን ቦራን ጎትታ ገበያ አወጣቻት። እኔ በስልክ ብቆጣ፣ ብለምን፣ «አብሽር፣ ወተቱን ከጎረቤት እጠጣለሁ፤ አንተ ተማር» ብላ ዘጋችብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ በያዝኩ ቁጥር የቦራ ዓይን በመስታወቱ ውስጥ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ተማርኩ። ማሠልጠኛው መጥፎ አልነበረም፤ አስተማሪዎቹም ደግ ሰዎች ነበሩ። ችግሩ ተሳቢው ነበር። ተሳቢ ማለት ያ ከከባድ መኪናው ኋላ የሚቀጠለው፣ የራሱ ጎማ ብቻ ሳይሆን የራሱ ሐሳብም ያለው ፍጥረት ነው። የማሠልጠኛው ተሳቢ ጎማዎቹ ለሌላ መኪና ተወስደውበት በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የዘበኛው ዶሮዎች ሥሩ እንቁላል ይጥሉበታል። ስለዚህ ተሳቢ ወደ ኋላ እንዴት እንደሚነዳ የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ነው። በጠመኔ የተሣለ ተሳቢ ደግሞ እጅግ ታዛዥ ነው፤ ወደፈለጋችሁበት ይታጠፋል። የፈተናው ዕለት ያለ ተሳቢ ተፈተንን። አለፍኩ። ጉዳዩን ለማንም አልተናገርኩም፤ ማንስ ጠየቀኝ?

ወልድያ ውስጥ ማሾ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ሾፌር እንደሚፈልጉ ሰምቼ ሄድኩ። ሐጂ ንግግር አያበዙም። ማሾ ጭነህ ሞጆ ታደርሳለህ፣ ጋሽ ታደሰ አጠገብህ ይቀመጣል፣ እሱ «ይሁን» ካለ መኪናውን ትይዛለህ፣ «አይሆንም» ካለ ወደ ባጃጅህ ትመለሳለህ አሉኝ። ባጃጇን ግን ባለቤቷ ለሌላ ሰው ሰጥቷት ነበር። ቦራም የለችም። እንግዲህ እንጀራዬ በጋሽ ታደሰ አንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ጋሽ ታደሰ የወልድያ ሰው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በዚህ መንገድ ላይ ያረጁ። ጢማቸው ሸብቷል፣ ቃላቸውን እንደ ነዳጅ ይቆጥባሉ። ሌሎቹ ሾፌሮች ስማቸውን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እንዲህ ያለ ዳኛ አጠገባችሁ ተቀምጦ ነድታችሁ ታውቃላችሁ? ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር «እህ» ይላሉ። ጥሩ እህ ይሁን መጥፎ እህ፣ ከወልድያ መርሳ እስክንደርስ ልለየው አልቻልኩም።

ስህተቴ ግን ገና ሳልነሳ የተሠራ ነው። ማታውን ለእናቴ ደውዬ ነግሬያት ነበር። እኛ ዘንድ አዲስ ነገር ዱአ ሳይደረግለት አይነካም። አዲስ በሬ ይመረቃል፣ አዲስ ቤት ይመረቃል፣ ሙሽራማ እስኪሰለቸው ይመረቃል። እናቴ ለሰፈራችን ሽማግሌ ለሸህ እንድሪስ ነግራ፣ ሸህ እንድሪስ ለሰፈሩ ነግረው፣ ሰፈሩ ከጠዋት ጀምሮ ተሰብስቦ ይጠብቀን ኖሯል። ሸህ እንድሪስ ግን እግራቸውን ታመው አስፋልት ድረስ መምጣት አይችሉም። እኔ መኪናውን ዳር አቁሜ በእግሬ ልግባ አልኳት በስልክ። እናቴ አልተዋጠላትም። ሰው በሩቅም ይመረቃል፣ መኪና ግን እጅ ካልተጫነበት ምርቃቱ አይይዘውም አለች። ይህን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ተከራክሬ ግን አላሸነፍኳትም።

ጋሽ ታደሰን በፍርሃት ጠየቅኳቸው። ከመንገድ ትወጣለህ ብለው የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ታደሰ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው፤ ግን ወሎዬ ናቸው። የማንም ይሁን የማን፣ ምርቃት ተዘርግቶለት ጥሎ የሚያልፍ ወሎዬ እስካሁን አልገጠመኝም። ኮፍያቸውን አስተካከሉና «ምርቃትማ አይታለፍም» አሉ።

እውነቱን ልናገር፤ ምርቃቱ ሰበብ ነበር። ያን ቀን ሰፈሬ እንዲያየኝ ፈልጌያለሁ። ከአስፋልቱ ታጥፌ፣ ሃያ ሁለት ጎማዬን እያንከባለልኩ፣ ልጅ ሆኜ ኳስ የተጫወትኩበት ሰፊ ቅያስ ውስጥ ገባሁ። ፎጣዬ አንገቴ ላይ ነው፣ ክንዴ በመስኮት ወጥቷል። አቧራው ተነሣ፣ እልልታው ቀለጠ። ከግራና ከተማ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች እንኳ አህያቸውን ይዘው ቆሙ። በቅያሱ መጨረሻ ላይ ሸህ እንድሪስ በአጥራቸው በር ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። አፍንጫዬን፣ ማለቴ የመኪናውን አፍንጫ፣ ከፊታቸው አቆምኩ። ከአጥራቸው ወዲያ መንገድ አልነበረም።

እናቴ መጀመሪያ ያቀፈችው እኔን አልነበረም። የሻሿን ጫፍ ፈትታ የመኪናውን መብራት ወለወለችው፤ አንደኛውን ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ሄደች።

ሸህ እንድሪስ ዱአ ሲያደርጉ አያዳሉም። ስንት ጎማ እንዳለው ጠየቁኝ፤ ሃያ ሁለት አልኩ። ለሃያ ሁለቱም ዱአ አደረጉ። ፍሬኑን፣ መሪውን፣ መብራቱን እየጠሩ መረቁ፤ የማያውቁትን እየጠየቁኝ፣ ምንም እንዳይቀር። እኛ «አሚን» እንላለን፣ ጋሽ ታደሰ ኮፍያቸውን አውልቀው «አሜን» ይላሉ፤ የትራፊክ ፖሊሱም ልብ እንዲራራ ይጨመርልን ብለው ጠየቁ፤ ተጨመረልን። ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ። ብርቱካን ቀረበ፣ ቆሎ ዞረ። ጋሽ ታደሰ ጥላ ሥር መደብ ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻም ሸሁ እጃቸውን በመኪናው ላይ ጭነው «በል ልጄ፣ መንገድህ የቀና ይሁን» አሉኝ።

ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሞተሩን አስነሣሁ። ከዚያ ወደ ፊት አየሁ፤ አጥር። ወደ ጎን አየሁ፤ ቤት። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ፤ ረጅም ተሳቢ፣ ከተሳቢው ወዲያ ረጅም ቅያስ። ያኔ ነው ወሽመጤ ቁርጥ ያለው። ያ ሁሉ ሰው፣ ሸሁ፣ እናቴ፣ እኔ፣ ስለ መግባቱ ስናስብ ስለ መውጣቱ ያሰበ አንድም ነፍስ አልነበረም።

ጥቁር ሰሌዳውን ለማስታወስ ሞከርኩ። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባሁ። መሪውን ወደ ግራ ስሰብር ተሳቢው ወደ ቀኝ ሄደ፤ ላስተካክለው ወደ ቀኝ ስሰብር ጭራሽ ክርኑን አጥፎ ተጣጠፈ። ወደ ፊት ትንሽ ሳብ፣ እንደገና ወደ ኋላ፣ እንደገና ጥምዝዝ። ታዲያ ያ የነገርኳችሁ ሙያተኛ ሕዝብ ዝም የሚል ይመስላችኋል? በግራ በኩል ያሉት ግራ ስበር ይላሉ፣ በቀኝ በኩል ያሉት ቀኝ ስበር ይላሉ፣ ከኋላ ያሉት እኔ አላያቸውም፣ እነሱም እኔን አያዩኝም፣ ግን ከሁሉ በላይ የሚጮኹት እነሱ ናቸው። ጎረቤታችን ዘሀራ ሁለት እጇን ዘርግታ ከግድግዳዋ ፊት ቆመች። ተሳቢውን በእጇ ልታቆመው ነው። በስድስተኛው ሙከራ የተሳቢው ጥግ ከዘሀራ መቀነት ስንዝር ሲቀረው ፍሬን ያዝኩ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረ። እርስዎ ያውጡልን፣ ለእርስዎ ምን አላት አሉ። ጋሽ ታደሰ ብርቱካን ይልጡ ነበር። ልጣጩን ሳይበጥሱ እስከ መጨረሻው አዞሩትና በረጋ ድምፅ፣ እኔ ከነካሁት ይህ ልጅ በሕይወቱ አይማርም፣ ራሱ ይወጣው አሉ። ሕዝቡ በጥበባቸው ተደነቀ። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም አስተማሪ ማለት እንዲህ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ገባኝ። ዳኛዬ ፍርዱን ጽፎ ጨርሷል አልኩ በልቤ።

የቀትሩ የዙህር አዛን ተሰማ። የሰገዱት ሲመለሱ እኔ እዚያው ነኝ። እልልታው ከቆመ ቆይቷል። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ ወደ መስኮቴ መጣች፤ ቁመቷ ስለማይደርስ መወጣጫው ላይ ቆመች። ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ሰይዶ፣ አልተማርከውም እንዴ?»

ተምሬዋለሁ እማ ልላት አፌን ከፈትኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ልዋሽ ነበር፤ ፊቷን ሳይ አቃተኝ። አልተማርኩትም አልኳት። ተሳቢው ድንጋይ ላይ እንደነበር፣ በጠመኔ እንዳሳዩን፣ ለማንም እንዳልተናገርኩ ሁሉንም ነገርኳት። አፍሬ ስለነበር መሪውን እንጂ እሷን አላየሁም። እናቴ አልተቆጣችም። «አብሽር» ብላ እጄን ነካ አደረገችኝና ወርዳ በቀጥታ ወደ ሸህ እንድሪስ ሄደች። ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብላ ስትነግራቸው አየሁ።

ሸሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎም ነገሩ እስካሁን የዘገየው ለምን እንደሆነ እንዳልገባው ሰው፣ ወደ ኋላ ካልሆነለት ወደ ፊት ይሂዳ አሉ። ወደ ፊት ያለው እኮ የእርስዎ አጥር ነው አላቸው አንዱ። ታዲያ አንሱታ አሉ። ከአጥሩ ወዲያ ግቢያቸውና የማሽላ ማሳቸው ነው፤ ከማሳው ወዲያ ወደ አስፋልት የሚመልስ የጠጠር መንገድ። ጥር ነበር፤ ማሽላው ታጭዷል፣ መሬቱ እንደ አውድማ ደርቋል። ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ ተነሣ። እሾሁ ተጎተተ፣ እንጨቱ ተነቀለ፣ የአገዳው ክምር በሸክም ወደ ጎን ሄደ። መንገድ እየሆነ መጣ። መሀሉ ላይ አንዲት የብርቱካን ዛፍ ቀረች።

ያቺን ዛፍ መርሳ ውስጥ የማያውቃት የለም። ሸህ እንድሪስ የበኩር ልጃቸው ሲወለድ የተከሏት ናት፤ እኔም በልጅነቴ ሰርቄባታለሁ። ሸሁ ትንሽ አዩዋትና ቁረጧት አሉ። እናቴ አልቻለችም፤ ኧረ ሸሆዬ አይሆንም፣ ልጁ ቢቀርበት ይሻላል ብላ እግራቸው ሥር ልትወድቅ ነበር። በከዘራቸው ከለከሏት።

«አንቺ ላምሽን ሰጥተሽ የለ? እኔ ዛፍ ብሰጥ ምን አለበት?»

ፍሬዋን ለቅመው ዛፏን ቆረጧት። ፍሬውን በሁለት ማዳበሪያ ጠቅልለው ከወንበሬ ኋላ ጫኑልኝ። እኔ ማርሽ አንድ አስገብቼ፣ እያለቀስኩ፣ በሸህ እንድሪስ ግቢ መሀል አለፍኩ። ተሳቢው እንደ በግ ተከተለኝ። ወደ ፊት ሲሆንማ ማን ይችለዋል? ሰፈሩ እንደገና እልል አለ። ጋሽ ታደሰ የመጨረሻዋን ብርቱካን ይዘው ማሳው ዳር ላይ ጠብቀው ተሳፈሩ። «እህ» አሉ።

ያ አጥር ተመልሶ አልታጠረም። መጀመሪያ ሰዎች አቋራጭ ብለው በእግራቸው ሄዱበት፣ ከዚያ ጋሪ፣ ከዚያ ባጃጅ፤ አሁን መንገድ ነው። ሸህ እንድሪስ ቢያጥሩት ማን ይከለክላቸው ነበር? ስጠይቃቸው ሰው ለምዶት የለም ወይ አሉኝ። ወደ አኼራ ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆናቸው። በመርሳ ባለፍኩ ቁጥር ቅያሱ አፍ ላይ ስደርስ ጥሩምባዬን አንዴ እነካታለሁ። ተሳፋሪ ካለ ማንን ነው ይለኛል። አንድ ሰው አለ እላለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ፤ ፍርዱ ቀርቷል። ውጫሌን፣ ሐይቅን፣ ደሴን አለፍን፤ ፍርድ የለም። ጋሽ ታደሰ ብርቱካን እየላጡ ግማሹን ለእኔ ያቀብሉኛል። በማግስቱ ከሰዓት ሞጆ ገባን። ከመጋዘኑ በር ላይ ዘበኛው ወረቀታችንን አይቶ፣ በአራተኛው በር፣ ወደ ኋላ አስገቡት አለን።

እጄን ከመሪው ላይ አነሣሁ። አለቀ፣ መሸሸጊያ የለም፤ እዚህ ደግሞ አጥሩን የሚያፈርስልኝ ሸህ የለም። ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ያስገቡት፣ ለሐጂም እውነቱን ይንገሯቸው፣ አልቀየምም አልኳቸው። ጋሽ ታደሰ መስኮታቸውን ዘጉ።

«ስማ ሰይድ፤ መርሳ ላይ ያን ሁሉ ብርቱካን የላጥኩት ርቦኝ መስሎሃል? እጄ ባዶ ከሆነ መሪውን ያስይዙኛል ብዬ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ አላመንኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አሉ፣ ወደ ኋላ የሚያስኬድ ቦታ ገብተው አያውቁም። መግባት ግድ ሲሆን በየመጋዘኑ የሚያስገባላቸው ሰው አላቸው። ያን ቀን ግን ምርቃት ሲባል ልባቸው ሸፈተ። ይህን ተናግረው ወረዱ፤ ጃኬታቸውን አስተካክለው፣ አንድ ሽበታም ወዛደር አስከትለው ተመለሱ። ሰውዬው ያለ ማንም «ና ና» መኪናውን ከነተሳቢው በአንድ ጊዜ አራተኛው በር ላይ ለጠፈው። ሁለታችንም ቆመን፣ ልጅ ሰርከስ እንደሚያይ አየነው።

ስልካቸው ጮኸ። ሐጂ ነበሩ። ልጁስ እንዴት ነው ሲሉ ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል። ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ያ ሾፌር ሁሉ የሚያከብረው ድምፃቸው ረጋ ብሎ ወጣ።

«ሐጂ፣ መኪናውን ይስጡት። ወደ ፊት ሲነዳ እንከን አይወጣለትም። ወደ ኋላውንም ቢሆን ከእኔ አያንስም።»